ቸሩ ያመጣው ጠበል

በስቶክሆልም ዳርቻ ባለችው ብሬዴንግ ውስጥ፣ ቱነልባና ከሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ከተደረደሩት የኪራይ ሕንጻዎች በአንዱ፣ ቸሩ የሚባል የአውቶቡስ ሹፌር ይኖራል። ቸሩ ከአገር ቤት በተመለሰ ቁጥር ሻንጣውን ሳይፈታ ስልኩ ይጮኻል። የሚደውለው ሰው ስለ ጤናው ይጠይቃል፤ ስለ ዘመድ አዝማዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ ይጠይቃል፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ ያደርግና «መቼም አልረሳኸንም?» ይላል።

«እንዴት ተደርጎ!» ይላል ቸሩ። «እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንገናኝ።»

ያልረሳው ጠበሉን ነው። ሌላው ሰው ሻንጣውን በበርበሬና በሽሮ፣ በቅቤና በድርቆሽ ሲያጭቅ፣ ቸሩ ጠበል የሞላባቸውን የሃይላንድ ጠርሙሶች በፎጣና በካልሲ እየጠቀለለ፣ ክዳናቸውን በፕላስተር እያሸገ ይደረድራል። አንድ ጊዜ አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሻንጣውን ያስከፈተው ወጣት የጉምሩክ ሠራተኛ፣ አንዱን ጠርሙስ ወደ መብራቱ አንሥቶ እያየ፣ «እኛ አገር ውኃ የለም አሉህ እንዴ?» ብሎት ነበር። ቸሩ ሳቀ፤ ልጁም ሳቀ። እውነትም ለሰሚው ያስቃል። ስቶክሆልም በውኃ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ድልድይ ሳይሻገሩ የማይዋልባት፣ በክረምት ሐይቋ ጠጥሮ ሰው እንደ ሜዳ የሚሄድበት፣ ቧንቧዋ ሲከፈት ጥርስ የሚቆረጥም ንጹሕ ውኃ የሚወርድባት ከተማ! ወደዚህች ከተማ በረሃና ባሕር አሻግሮ በሻንጣ ውኃ የሚያመጣ ሰው አለ ቢባል ማን ያምናል?

ቸሩ ራሱ ግን ውኃ ነው የምትሸከመው ቢሉት ይቀየማል። ውኃ ሲጠማ የሚጠጣው ነው። እሱ የሚሸከመው ስለቱን ነው።

ስለቱ በሚስቱ በዘመናይ ምክንያት የመጣ ነው። ሁለቱም በሱዳን በኩል የተሰደዱ ናቸው፤ የተዋወቁት ግን እዚህ፣ ሱንድቢበሪ በሚባል ሰፈር በነበረ የስዊድንኛ መማሪያ ክፍል ውስጥ ነው። «እኔ ቋንቋውን ቶሎ ያዝኩ፤ እሱ እኔን ቶሎ ያዘኝ» ትላለች ዘመናይ ሲጠይቋት። ለብዙ ዓመታት የስዊድን ሽማግሌዎችን በየቤታቸው እየዞረች ስታጥብ፣ ስታለብስ፣ መድኃኒታቸውን ስትሰጥ ኖራለች። ከዚያ ኩላሊቶቿ ደከሙ። ሳምንቷ በማሽን ቀናትና በድካም ቀናት ተከፈለ። ደሟ በቀጭን ቱቦ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ቀዝቅዞ ሲመለስ እያየ ቸሩ ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር።

ኋላ አንድ ኩላሊቱን ሊሰጣት እሱም ተመረመረ። የባልና የሚስት ደም ሲገጥም ሐኪሞቹም ደስ አላቸው። ቀዶ ጥገናው ከመድረሱ በፊት ቸሩ ብቻውን ወደ አገር ቤት በረረና፣ ቢሾፍቱ ማዶ ባለችው የትውልድ መንደሩ ግርጌ ከምትፈልቀው የኪዳነ ምሕረት ጠበል ፊት ቆሞ፣ «እሷን ካተረፍሽልኝ፣ በየዓመቱ መጥቼ ጠበልሽን ባሕር ማዶ ላለው ስደተኛ አዳርሳለሁ» አለ።

ተረፈች። ይህ ነገር ባሰቡት ቁጥር የሚያስደንቅ ነው። ከአንድ ሰው ጎን የወጣ ጡጫ የሚያህል ሥጋ፣ የማያውቀው ሆድ ውስጥ ገብቶ፣ እንደ ገዛ ቤቱ ቆጥሮት፣ ሳይጠይቅና ሳይነጫነጭ ሥራውን ቀጠለ። የሚነጫነጩት የቤቱ ሰዎች ነበሩ። ዘመናይ ከዚያ ወዲህ ለጥፋቷ ሁሉ ኩላሊቱን ማሳበብ ለመደች። ወጡ ጨው ሲበዛበት፣ «እኔ አይደለሁም፣ ያንተ ኩላሊት ነው ጨው የሚወደው» ትላለች። ልጃቸው ቲጂ «ማማ ዛሬ ግን ተናደሻል» ስትላት፣ «የአባትሽ ግትርነት ነው በጎኔ የገባብኝ» ትላለች። ቲጂ አማርኛውን ሁሉ ትሰማለች፤ መልሷ በስዊድንኛ ነው። ሳቁ ግን አንድ ቋንቋ ነበር።

ኩላሊቱ እንግዳ መሆኑን ሰውነቷ እንዳያውቅ ዘመናይ ጠዋትና ማታ ኪኒን ትውጣለች። ኪኒኑ የሰውነቷን ዘበኞች ያስተኛል። ስለዚህ ሐኪሞቹ ጥሬ ነገር፣ ያልታጠበ ነገር፣ ጉንፋን የያዘው ሰው እንዳይቀርባት ነግረዋቸዋል። ቸሩም ትእዛዝ አክባሪ ነው። ሰላጣ ደጋግሞ ያጥባል። ከሥራ ሲገባ እጁን በሳሙና ሳይፈትግ አይነካትም። በየማለዳው ደግሞ በባዶ ሆዷ ከጠበሉ በትንሽ ስኒ ይሰጣታል።

ዘንድሮም ለጥምቀት ሄደ።

ታናሽ ወንድሙ ባሕሩ፣ የአባታቸው ጤፍ ማሳ በነበረው ተዳፋት ላይ የዶሮና የወተት ላም እርባታ አቋቁሟል። አዲሱ ቆርቆሮ ከሩቅ ያንጸባርቃል። ቸሩ በዚህ ወንድሙ ይኮራል፤ ብሬዴንግ ለጓደኞቹ ፎቶውን ያሳያል።

«ጋሼ፣ ና ላሳይህ» አለው ባሕሩ፣ ገና ከመኪና ሳይወርድ።

በረቱን አዩ፤ የጫጩቶቹን ቤት አዩ። ነጭ ለብሰው ለጥምቀት የወጡ ሕፃናት የመሰለ ጫጩት መሬቱን ሞልቶታል። በሩ አጠገብ ሰማያዊ በርሜል ቆሟል። ባሕሩ ከከረጢት ቢጫ ዱቄት ሰፍሮ ጨመረበት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«መድኃኒት ነዋ። አንቲባዮቲክ።»

«ታመዋል እንዴ?»

ባሕሩ ሳቀበት። «እንዳይታመሙ ነው እንጂ! ጋሼ ደግሞ፣ ከታመሙ በኋላማ ማን ይደርስላቸዋል? እንደ ጉድ ነው የሚረግፉት። ለላሞቹም እሰጣለሁ፤ ተላላፊ ነገር እዚህ ደጅ አይደርስም። እንካ፣ አማስል እስቲ፤ ባለ እርባታ ሁን።»

ቸሩ ረጅሙን እንጨት ተቀብሎ አማሰለ። ውኃው እርድ እንደገባበት ወጥ ቢጫ ሆነ። ሱፉን ለብሶ በርሜል ሲያማስል ባሕሩ ፎቶ አነሣው፤ ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። በልጅነቱ እናቱ ጠላ ስትጠነስስ እንጨቱን እንዲያማስል ስትፈቅድለት የተሰማው ዓይነት ደስታ ተሰማው።

ከሰዓት በኋላ የዶሮዎቹና የላሞቹ ቤት በጎማ ታጠበ። እድፉ፣ ኩሱና እበቱ፣ ከበርሜሉ የተረፈው ቢጫ ውኃ ሁሉ ተቀላቅሎ በቦይ ወደ ታች ወረደ። ቸሩ ባዶ ጠርሙሶቹን በማዳበሪያ ከረጢት አንግቦ፣ ነጠላውን አፍንጫው ላይ አድርጎ ያንን ቦይ ዘለለና ወደ ጠበሉ ወረደ። እታች ሽታው የለም። ከቋጥኙ ሥር የሚፈልቀው ጠበል ኩልል ብሎ፣ ጠጠሩን አንድ በአንድ እያሳየ ይፈሳል። እንዲህ ኩልል ያለ ነገር የሚዋሽ አይመስልም። ቸሩ ተንበረከከ፤ ጸለየ፤ ጠጣ፤ ጠርሙሶቹን ሞላ።

በተመለሰበት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው። ስቶክሆልም ያሉት ካህን ቀሲስ ብርሃነ ሥላሴ በየሳምንቱ የቧንቧ ውኃ ላይ ጸልየው ጠበል ያደርጉታል፤ «ጸሎቱ ነው ጠበል የሚያደርገው፤ የብሬዴንግንም ቧንቧ እግዚአብሔር ያውቀዋል» ይላሉ። ሕዝቡም አሜን ይልና ቸሩ ጋ ይሰለፋል። እናት አገር ያለችው በዚያ ጠርሙስ ውስጥ ነው።

«የኔ ትንሽ ናት ቸሩ» አለ ዕንባቆም የሚባለው ጓደኛው፣ ጠርሙሱን እየነቀነቀ። «ኃጢአቴን ረሳኸው እንዴ? ትልቁን አምጣ!»

«ላንተ ኃጢአት መርከብ ነው የሚያስፈልገው» አሉ ከኋላው የቆሙት አሮጊቷ ወይዘሮ አክሱማዊት። ትልቁን እሳቸው ወሰዱ።

የዐቢይ ጾም ሳይያዝ ዘመናይን ብርድ ብርድ አላት። ቸሩ ጋቢ ደረበላት፤ ሌላ ደረበላት፤ ጥርሷ መንገጫገጩን አልተወም። ጎኗን፣ ኩላሊቱ ያለበትን ቦታ፣ በእጇ ደግፋ ይዛ ነበር። በዚያው ዕለት ሆስፒታል ገባች።

የመጀመሪያው መድኃኒት በደም ሥሯ ተሰጣት፤ ትኩሳቱ አልሰማም። ሁለተኛው ተሰጣት፤ አልሰማም። ከዚያ ለብቻዋ ወዳለ ክፍል አዛወሯት። ከክፍሉ በፊት ሌላ ትንሽ ክፍል አለች፤ የሚገባ ሰው ሁሉ እዚያ የፕላስቲክ ሽርጥና ጓንት ያጠልቃል። ቸሩም አጠለቀ። ሚስቱን ሲዳብሳት በእጁና በእጇ መካከል ጓንቱ ይንኮሻኮሽ ነበር።

ሐኪሟ ካሪን ትባላለች። ስዊድን ውስጥ ሐኪም የሚጠራው በስሙ ብቻ ነው፤ ይህን ቸሩ እስከ ዛሬ አልለመደውም። ካሪን ቀጭን፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት።

«ደሟ ውስጥ ያገኘነው ባክቴሪያ ብዙዎቹን መድኃኒቶች ተላምዷል» አለቻቸው። «የቀረን ጥቂት ነው። ያ ደግሞ ራሱ ኩላሊት ይጎዳል። ኩላሊት እንዳትገፋ የምትወስደውን ኪኒንም መቀነስ አለብን፤ አለበለዚያ ሰውነቷ አይዋጋም። ኩላሊቱን ለማዳን እንሞክራለን። ቃል ግን አልገባም።»

ቲጂ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ቸሩ ጠባሳው ያለበትን ጎኑን ሳያውቀው ያዘ።

ካሪን ጠየቀች። ዘመናይ በቅርቡ ወደ ውጭ አገር ሄዳለች? አልሄደችም። ሌላ አገር ሆስፒታል ተኝታለች? አልተኛችም። በቤቱ የተጓዘ አለ? አለ፣ እሱ። ከምግብ ያመጣው ነገር? በርበሬ፤ ያውም የበሰለ ወጥ ውስጥ የሚገባ። ያልተጣራ ውኃ ጠጥታለች? የወንዝ፣ የጉድጓድ?

«በፍጹም» አለ ቸሩ። አልዋሸም። ስለ ሚስቱ ጤና ከሰላጣ ጋር ሲሟገት የኖረ ሰው እንዴት የወንዝ ውኃ ያጠጣታል? ጠበሉ በአእምሮው ከውኃ ተራ ቆሞ አያውቅምና፣ ሲጠየቅም አልታወሰውም።

ነርሷ ስትወጣ ዘመናይ ከንፈሯን አላሰች። «አለ?» አለችው።

ከጃኬቱ ኪስ ትንሿን ጠርሙስ አውጥቶ አጎነጫት። በየቀኑ እንዲህ ያደርግ ነበር። ሐኪሞቹ የማይሆን ነገር እንዳይመስላቸው ብሎ ይደብቃታል እንጂ፣ ሌላ ስጋት አልነበረውም።

«ቀዘቀዘኝ» አለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ አለች። «ኩላሊትህን ንገረው፣ ቤቱን ለቆ እንዳይሄድ። ኪራይ እንጨምርልሃለን በለው።»

«አይሄድም።»

«ግትር ነው ብዬህ የለ። አሁን ነው ግትርነቱ የሚያስፈልገኝ።»

ከቸሩም የሰገራ ናሙና ወስደው ነበር፤ በማግስቱ ውጤቱ መጣ። ያው ዓይነት ባክቴሪያ በእሱም አንጀት ውስጥ አለ። «አንተን አይጎዳህም» አለችው ካሪን። «ጤነኛ ሰው ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ያንተ ጥፋት አይደለም፤ ከጉዞህ ይዘኸው መጥተህ ይሆናል።»

«ከየት?» አለ ቸሩ። «ሆስፒታል ደጃፍ አልደረስኩም።»

ካሪን ወንበር ስባ ተቀመጠችና አስረዳችው። እንዲህ ያለ ባክቴሪያ የሚወለደው መድኃኒት በሚበዛበት ቦታ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ፣ ከብትና ዶሮ በብዛት በሚረባበት ቦታም። ለእንስሳት መድኃኒቱን ከመጠጣቸው ጋር ሲያዋህዱላቸው፣ ደካማው ባክቴሪያ ይሞታል፤ መድኃኒቱን መቋቋም የሚችለው ይተርፋል። የተረፈው ይራባል። ችሎታውንም ለጎረቤቱ ያስተላልፋል። ከዚያ ከእበቱና ከእጥበቱ ጋር ወጥቶ ወደ ወንዝ ይገባል፤ ወደ ምንጭ ይሰርጋል። በዓይን አይታይም፤ ሽታ የለውም፤ ውኃው ኩልል ያለ ሊሆን ይችላል።

ቸሩ እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ እንዳደረገ ነበር። ትንሿ ጠርሙስ እጁ ውስጥ ነበረች። ከገላው ሙቀት ለብ ብላለች።

አፉን ከፈተ። ሰማያዊው በርሜል ታየው፤ ሠራተኞቹ ሲያጨበጭቡ ተሰማው። መልሶ ዘጋው። «አመሰግናለሁ» ብሎ ተነሣ።

በቱነልባናው ብሬዴንግን አልፎ የመስመሩ መጨረሻ ድረስ ተወሰደ፤ አልታወቀውም። ሲመለስ ከጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኖ ባሕሩ ጋ ደወለ።

«ያ የምታጥቡበት ቦይ፣ መጨረሻው የት ነው?»

«ወደ ወንዙ ነዋ! ምነው?»

«ከጠበሉ በላይ?»

ስልኩ ውስጥ ዶሮዎች ይንጫጩ ነበር። «ጋሼ፣ ምን ሆነሃል? ዘመናይ እንዴት ናት?»

ነገረው። ባሕሩ የዶሮዎቹን ቤት በር ሲዘጋ ተሰማ። ከዚያ፣ «እዚህ ሁሉም ነው እንዲህ የሚያደርገው» አለ። «መድኃኒቱ በየሱቁ ይሸጣል፤ ማንም አይቻልም ያለኝ የለም። ባልሰጥ ያልቃሉ፤ ካለቁ ልጆቼን ምን ላብላ? አንተስ አይተህ የለ? ራስህ አማስለህ የለ?»

«አማስያለሁ» አለ ቸሩ።

 በወንድሙ ላይ እንዳይጮኽ፣ ያ የማማሰያ እንጨት በእሱም እጅ ገብቶ ነበር።

ያን ሌሊት አልተኛም ማለት ቀላል ነው፤ እሱ ግን ተኝቷል። የደከመ ሰው ይተኛል። የከበደው መነሣቱ ነበር። የፍሪጁን በር ሲከፍት ጠርሙሶቹ እንደ ሁልጊዜው ከወተቱ አጠገብ ተሰልፈው አገኛቸው። ዝም ቢል ማንም አያውቅም። ካሪን ከጉዞው ነው ብላ ጨርሳለች። ዘመናይም አታውቅም። ሰው ፊት ቆሞ የኪዳነ ምሕረት ጠበል ሚስቴን ጎዳት ማለት እንዴት ያለ አፍ ይጠይቃል? ሲል ሲል ግን ወይዘሮ አክሱማዊት ትዝ አሉት። ትልቁን የወሰዱት እሳቸው ናቸው።

ቀሲስ ብርሃነ ሥላሴ ቤት ሄደ። ቀሲስ በሥራ ቀናቸው የትምህርት ቤት ጽዳት ኃላፊ ናቸው፤ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ በሩን ከፈቱለት። ቆሞ ነገራቸው። ጨርሶ ሲያበቃ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አሳለሙት።

«ቀሲስ፣ ጠበሉን ለላቦራቶሪ ልስጥ ነው የምለው። ድፍረት አይሆንብኝም?»

«ኧረ ስጥ» አሉ። «ከላይ እድፍ እየለቀቅን ከታች አንጺን ማለት ነው ድፍረቱ።» መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «ለሰዎቹ ግን አንተ ነህ የምትነግራቸው። ከእጅህ ነው የተቀበሉት።»

ካሪን ጠርሙሱን በጓንት ተቀበለችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ቀናት አልፈው ውጤቱ ሲመጣ፣ በጠርሙሱ ውስጥ ያለውና በዘመናይ ደም ውስጥ ያለው በጣም እንደሚመሳሰሉ ነገረችው። «ከዚህ ነው ብዬ መማል አልችልም» አለች። ቸሩ መሐላ አላስፈለገውም።

ኩላሊቱ በዚያው ሰሞን ቆመ። የመጨረሻው መድኃኒት ዘመናይን አተረፋት፤ ትኩሳቷ ወረደ፤ ሾርባ ጠጣች፤ ጸጉሯን አስበጠረች። የሽንት ከረጢቷ ግን ባዶ ሆኖ መዋል ጀመረ። ማሽኑ ተገፍቶ አልጋዋ አጠገብ መጣ። ሲበራ የሚያሰማውን ድምፅ ቸሩ ከዓመታት በኋላ እንደ ዘመድ ድምፅ ለየው።

ሽርጡንና ጓንቱን እንዳጠለቀ ነገራት። ስለ በርሜሉ፣ ስለ ቦዩ፣ ስለ ስኒው፣ ሆስፒታል ከገባች በኋላም ስላጎነጫት። ዘመናይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ማሽኑ ብቻ ይሠራል። ቸሩ የሰጣትን በገዛ እጁ እንደወሰደ፣ ለዚያውም እየጸለየ እንደወሰደ፣ አሁን ነበር በደንብ የገባው።

«እኔም ጠይቄህ ነው የጠጣሁት» አለች በመጨረሻ፣ ሳትዞር።

«ዘመናይ...»

«ዝም በል እስቲ። አሁን አልችልም።» ከዚያ፣ «ጠበሉ የማን የማን ቤት አለ?» አለች።

«የሁሉም ቤት።»

«እንግዲህ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ዞረ። ሱንድቢበሪ ሄደ፤ ብሬዴንግ ውስጥ ከደረጃ ደረጃ ወጣ። ዕንባቆም ሁለት ቃል ሳይጨምር ጠርሙሱን አምጥቶ ሰጠው፤ ቀልድ የሚወድ ሰው ቀልድ ሲያጣ ማየት ያስጨንቃል። አንዳንዱ ጨርሶት ነበር። አንዲት እናት በሩን ገርበብ አድርጋ ከሰማችው በኋላ፣ ለልጇ ስትሰጥ መክረሟን ነግራው ዘጋችበት። ለሌሎቹ እንደነገራቸው ሁሉ ለእሷም የሚመረመሩበትን ሐኪም ቤት ስም በበሩ የፖስታ ቀዳዳ ነገራት።

ወይዘሮ አክሱማዊት አስቀመጡት፤ ሰሙት፤ ከዚያ ተነሡ።

«ጠበል ታሞ አያውቅም!»

«ያሳመምነው እኛ ነን፣ እትዬ።»

«የዘመናይን ኩላሊት ጠበሉ ወሰደው ልትለኝ ነው?»

ቸሩ ወለሉን አየ።

«እኔ እኮ ስጠጣው ነው የከረምኩት። እነሆ ቆሜያለሁ።»

«እኔም ቆሜያለሁ፣ እትዬ። ጤነኛ ሰው ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል ነው የሚሉት። የሚነሣው ደካማ ሲያገኝ ነው። እርስዎ ደግሞ ለዳሌዎ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ አለዎት።»

 አሮጊቷ ወደ መኝታ ቤታቸው ገብተው ጠርሙሱን ከሥዕለ አድኅኖው ሥር አንሥተው አመጡ። ግማሹ አለ። ሊቀበላቸው ሲል ግን አልለቀቁትም።

«ሽንት ቤት ትደፋውና!»

«አልደፋውም።»

«እግር የሚረግጠውም ቦታ አይደፋም።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ማርያምን በል።»

«ማርያምን።»

ለካሪን ደውሎ ምን እንደሚያደርግ ጠየቃት። እንዲሁ መሬት ላይ ከፈሰሰ ዝናቡ አጥቦ ሐይቁ ውስጥ ይጨምረዋል፤ በደንብ ካፈላኸው ግን ይሞታል አለችው። ስለዚህ ለክርስትናና ለተዝካር የሚወጣውን ትልቁን ድስት ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደና፣ የሁሉንም ሰው ጠርሙስ፣ የራሱንም ጨምሮ፣ አንድ በአንድ ገለበጠበት። ምድጃውን ለኮሰ። ጠበሉ መጀመሪያ ዝም አለ፤ ከዚያ ከሥሩ ትናንሽ ዶቃዎች ለቀቀ፤ ከዚያ ተንተከተከ። እንፋሎቱ መስኮቶቹን ሸፈናቸው። ከመስኮቱ ውጪ የነበሩት ሕንጻዎችና በረዶው ጠፉ።

ቲጂ የእናቷን የምትቀየር ልብስ ልትወስድ ስትመጣ በሩ ላይ ቆመች።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለችው በስዊድንኛ።

«ጠበሉን እያፈላሁ።»

ሊመጣ የሚችል ብዙ ቃል ነበራት፤ በአፏ ጫፍ ላይ ሲሰለፍ አየው።  እሷ ግን ጫማዋን አወለቀችና መጥታ አጠገቡ ቆማ፣ የሚፈላውን አብራው አየች።

«እማማ ነገ በጠዋቱ ተራ ነው ማሽኑ የሚደርሳት» አለች። ይህን በአማርኛ ነበር የተናገረችው። «ስትጨርስ እንድትመጣ ብላለች። ባዶ እጅህን ና ብላለች።»

«ምን ብላ?»

«እንደዛ። ባዶ እጅህን።»

ድስቱን በፎጣ ጆሮና ጆሮውን ይዘው በሊፍት አወረዱት፤ በሕንጻዎቹ የጋራ ልብስ ማጠቢያ ቤት ጀርባ አድርገው ወደ ጫካው ዳር ወሰዱት። እዚያ፣ መንገድ ከማይደርስበት ቋጥኝ አጠገብ፣ አንዲት የበርች ዛፍ ብቻዋን ቆማለች። ቸሩ በቦት ጫማው ከግንዷ ሥር በረዶውን ጠረገ። ከዛፎቹ ወዲያ ሐይቁ እንደ ጠጠረ ነው። ድስቱን መሬት ላይ አስቀመጡት፤ ክዳኑ ሲነሣ እንፋሎቱ ቀጥ ብሎ ወጣ።

«ድፋው እንጂ» አለች ቲጂ፣ እጇን እያሻሸች። «በረደኝ።»

«ትኩስ ውኃ ሥሩን ይገድለዋል።»

ውኃ ማለቱን ሁለቱም ሰሙት። ቸሩ ጓንቱን አውልቆ ጎንበስ አለና ጣቱን ነከረ፤ ፈጥኖ አወጣው።

«ገና ነው» አለ።

ድስቱን መሃል አድርገው ቆመው ጠበቁ።